ዶሮዋ የሌለችበት ተረት

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» እንላለን፤ የቸኮለን ሰው ልናረጋጋ፣ ልጁ አልረዝም ያለውን አባት ልናጽናና። ተረቱን የታዳጊ ፕሮጀክት ምልመላ ላይ ብንፈትነው ግን አንድ ነገር ይጎድለዋል። እንቁላል ስለቆየ ብቻ በእግሩ አይሄድም፤ ዶሮዋ 21 ቀን ታቅፋው ነው። ሳይታቀፍ የቆየ ይገማል።

የእግር ኳስ ክለቧን ሐረር ቢራን በኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ ያየችው ሐረር ልጆቿን ወደ ኳስ ስትልክ በተስፋ ነው። በአሮጌ ከተማዋ በጁገል ጠባብ መንገድ፣ በሁለት ግንብ መካከል ኳስ የለመደ ልጅ እግሩ ሥር መያዝና አብዶ መሥራት ግዱ ነው፤ ለረጅም ኳስ ቦታ የለማ! ሰፊው ሜዳ ላይ ሲወጣ ግን በቴስታና በትከሻ የሚቀድመው ቀድሞ የጎረመሰው ነው። አሠልጣኙ ቅዳሜ ማሸነፍ ስላለበት ትልቁን ያሰልፋል፤ ትንሹ ተቀያሪ ወንበር ላይ ይከርማል።

ሁለቱም 13 ዓመታቸው ሊሆን ይችላል። ወንድ ልጅ ጉርምስና የሚጀምረው ከ9 እስከ 14 ዓመት ባለው ጊዜ ነው፤ ቁመቱ ባንዴ የሚመዘዘው በአማካይ 14 ዓመት ግድም ቢሆንም አንዱ ቀድሞ አንዱ ዘግይቶ ይደርስበታል። የልደት ወርም አለበት። የፊፋ ውድድሮች ዕድሜን የሚቆርጡት በጃንዋሪ 1፣ በእኛ ብዙ ጊዜ ታኅሣሥ 23 ስለሆነ፣ በዚያው ምድብ የጥር ልጅ ከኅዳሩ አሥር ወር ይበልጣል። ችሎታ ብለን መዝገብ ላይ የምናሰፍረው ብዙ ጊዜ ይህንን ልዩነት ነው።

ሉካ ሞድሪችን በልጅነቱ ሐይዱክ ስፕሊት የተባለው ክለብ ትንሽ ነው ብሎ አልተቀበለውም። ጄሚ ቫርዲን ሼፊልድ ዌንስዴይ በ16 ዓመቱ ለቆታል። እነዚህን እየጠራን እንጽናናለን፤ ስማቸውን የምናውቀው ግን ስለተመለሱ ነው። ተስፋ ቆርጠው የቀሩትን ማን ቆጠራቸው? ቤልጂየም ዘግይተው ለሚያድጉ ታዳጊዎች ለብቻ ብሔራዊ ቡድን ያቋቋመችው፣ የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግም እ.ኤ.አ. በ2015 ልጆችን በዕድሜ ሳይሆን በአካል ብስለት መድቦ ማጫወት የሞከረው ለእነዚያ ነው። እንዲህ ሲመደቡ ትልቁም ይማራል፤ ጉልበቱ ስለማያዋጣው ኳስ ማሰብ ይጀምራል።

ሐረር ላይ ለዚህ ሜትርና እርሳስ ይበቃል። በየሦስት ወሩ ቁመት መለካት፣ የእናትና የአባትን ቁመት ከጎኑ መጻፍ፣ በሳምንት አንድ ቀን እኩዮችን በቁመት አቧድኖ ማጫወት። ልጁ ድንገት ሲመዘዝ ጉልበቱና ተረከዙ ሊያመው ስለሚችል ያኔ ሩጫውን መቀነስ እንጂ «ሰነፍክ» ማለት አይገባም።

ሁሉም አጭር ልጅ ነገ ይረዝማል ብሎ ቃል መግባት ግን ውሸት ነው። በ2019 (እ.ኤ.አ.) በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉ የኢትዮጵያ ልጆች 37 በመቶው ለዕድሜያቸው አጭር ነበሩ፤ በምግብ እጥረት የቀነጨረን ልጅ መጠበቅ ብቻውን አያድነውም። በተፈጥሮው አጭር ሆኖ የሚቀርም አለ፤ እሱም ጥሩ ከተጫወተ መሰለፍ ይገባዋል። ዕድሜ ቀንሶ ልጁን የሚያስመዘግብ ወላጅ ደግሞ የሚቀማው የእነዚህን ትንንሽ ልጆች ቦታ ነው።

አባቶች ከልምምድ መልስ «ስንት አገባህ?» እያሉ ይጠይቃሉ። ለአሠልጣኙ የሚቀርበው ጥያቄ ሌላ ነው፦ ልጄ በዚህ ወር ስንት ደቂቃ ተሰለፈ?