ሰነፍ ያልነው ልጅ

በጣና ወይም በዝዋይ ሐይቅ ዳር ያደጋችሁ፣ እስቲ አንድ የክፍል ጓደኛችሁን አስታውሱ። ከትምህርት ቤት ሲወጣ ከውኃ አይጠፋም፤ ክፍል ውስጥ ግን ያንቀላፋል፣ ትምህርት አይገባውም፣ ቁመቱም ከእኩዮቹ ያነሰ ነው። «ሰነፍ» አልነው። ስሙ ጸናበት።

ያ ልጅ ታሞ ቢሆንስ?

የቢልሃርዝያ ትል ከቀንድ አውጣ ወጥቶ በውኃ ውስጥ ይዋኛል፣ ቆዳ በስቶ ይገባል፣ በደም ሥር ይኖራል። ይበልጥ የሚጎዳው እንቁላሉ ነው፤ በአንጀትና በጉበት ውስጥ እየቀረ ያቆስላል። ተመራማሪዎች እንዳረጋገጡት ጉዳቱ ቀስ ብሎ ይመጣል፦ የደም ማነስ፣ ድካም፣ የዕድገት መቀጨጭ፣ ትምህርት መቀበል አለመቻል። ሳይታከም ዓመታት ካለፉ ጉበት ይጎዳል፣ ደምም ሊያስመልስ ይችላል። ቶሎ ስለማይገድል ግን ማንም አይደነግጥለትም።

ታዲያ ሳናውቅ ለፈረድነው ፍርድ እንጠየቃለን? «አላወቅንም ነበር» የሚለው መልስ እውነት ሊሆን ይችላል። ነገር ግን አለማወቅ ሁለት ዓይነት ነው፦ ማወቅ ስላልቻልን፣ ወይም ለመጠየቅ ስላልቆምን። በሉቃስ 10 ካህኑና ሌዋዊው ቁስለኛውን አይተውት በሌላ በኩል አለፉ። እኛ ደግሞ ስም ሰጥተን አለፍን። «ሰነፍ» ማለት ከሰው አጠገብ ሆኖ ማለፊያ መንገድ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1964 ወጣቱ ሳይንቲስት አክሊሉ ለማ በአድዋ ሴቶች በወንዝ ዳር ልብስ በእንዶድ ሲያጥቡ ተመለከቱ። ከእነርሱ በታች ባለው ውኃ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በዝተው ነበር። በዚያ ወንዝ ብዙ ሰው አልፏል፤ እርሳቸው ግን ቆመው «ለምን?» አሉ። እንዶድ በሽታውን የሚያስተላልፈውን ቀንድ አውጣ እንደሚገድል በምርምር አሳዩ። እ.ኤ.አ. በ1989 ከዶክተር ለገሰ ወልደዮሐንስ ጋር የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን ተቀበሉ። መነሻው እናቶች በየቀኑ የሚሠሩትን ሥራ አለመናቅ ነበር።

«እውነተኛ ስንፍናስ የለም ወይ?» ትሉ ይሆናል። አለ። ነገር ግን ከፍርድ በፊት ጥያቄ ይቅደም። ቢልሃርዝያን የሚያድን ፕራዚኳንቴል የሚባል ክኒን አለ፤ «ሰነፍ» ለተባለ ልጅ ግን ክኒን የሚያስብለት የለም።

በሚቀጥለው ሰንበት በኅብረታችሁ የሚያንቀላፋ ልጅ ካያችሁ አትሳቁበት። አጠገቡ ተቀመጡና «ደህና ነህ? ሐኪም ቤት ሄደሃል?» በሉት።