የወሰን ድንጋይና የናቡቴ ርስት

ለመልሶ ማልማት በተመረጠ ሰፈር ዶዘር ከመግባቱ በፊት ወሰን ይገባል። ቀያሹ በሚያሰምረው መስመር ውስጥ የዋለው ቤት ግድግዳው ላይ በቀለም ምልክት ይደረግበታል፤ ያንኑ ግድግዳ የሚጋራው ጎረቤት ከመስመሩ ውጭ ከዋለ ባለበት ይቀራል። በአንድ ግቢ፣ ከአንድ ቧንቧ ሲቀዱ የኖሩ ሁለት ቤተሰቦች ዕጣቸው እንዲህ ሲለያይ ጉዳዩ ከምሕንድስና አልፎ የፍትሕ ጥያቄ ይሆናል።

አዲስ አበባ ወሰን በወሰን ላይ የተደራረበባት ከተማ ናት። ቀደምት ሰፈሮቿ በራሶችና በደጃዝማቾች ግቢ ዙሪያ ተመሠረቱ፤ እንደ ቀበናና ግንፍሌ ያሉ ወንዞችም ይለያዩአቸው ነበር። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ሲያደርግ ቀበሌ የሚባል ሌላ ወሰን መጣ፤ ሰውም በቀበሌውና በቤት ቁጥሩ ይታወቅ ጀመር። እድር ግን ለእነዚህ ወሰኖች አልተገዛም። አባላቱ ወንዝ ተሻግረው፣ ቀበሌ አልፈው ይቀባበራሉ፤ ድንኳኑና አግዳሚ ወንበሩም አብሮ ይሻገራል።

ኦሪት የባልንጀራውን የወሰን ምልክት የሚያፈልስን ሰው ትረግማለች፤ በእስልምናም ስንዝር መሬት በግፍ መውሰድ ከባድ ኃጢአት ነው። በመልሶ ማልማት ግን ወሰኑ የሚነሣው በአደባባይና በሕግ ስለሆነ፣ ለዚህ የሚቀርበው በመጽሐፍ ቅዱስ ያለው የናቡቴ ታሪክ ነው። ንጉሥ አክዓብ የወይን ቦታውን ሲጠይቀው የተሻለ ምትክ ወይም ዋጋውን በብር አቅርቦለት ነበር፤ ናቡቴ የአባቶቹን ርስት አልሰጥም አለ። አዋጅ ቁጥር 1161/2011ም ለተነሺው ምትክና ካሳ ያዛል፤ ለማኅበራዊ ትስስር መቋረጥ ሳይቀር ካሳ ደንግጓል። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ከግድግዳና ከጣሪያ ሌላ የሚፈርስ ነገር መኖሩን ሕጉ ራሱ መስክሯል።

ጥያቄው የሚከብደው ርስት በሌለው ሰው ላይ ነው። የቀበሌ ቤት ተከራይ ምትክ ቤት ቢያገኝም ባለይዞታ አይደለም፤ ደባሉ ደግሞ ብዙ ጊዜ ውል እንኳ የለውም። እንደ ናቡቴ «የአባቶቼ ርስት» ማለት አይችሉም። ሆኖም እዚያው ወልደው ድረዋል፣ ወላጆቻቸውን ቀብረዋል። ሰው ከቦታ ጋር የሚተሳሰረው በካርታ ብቻ ቢሆን ኖሮ ምንም ባልጎደለባቸው ነበር። በኑሮ ስለሆነ ግን ከባለካርታው እኩል ተጎድተዋል። ስለዚህ ቀያሹ መሣሪያውን ከመትከሉ በፊት፣ ከይዞታ ማኅደሩ ጎን የእድሩም መዝገብ ሊገለጥ ይገባል።