የጀመሩትን ስለ መፈጸም

አንድን ሥራ ለመጀመር የሚያስፈልገው ነገር ጥቂት ነው። በመርካቶ ውስጥ ዱባይ ተራ በተባለው ሰፈር የሚያልፍ ሰው ይህን በዓይኑ ሊመለከት ይችላል። ከባሕር ማዶ በሚመጣው ዕቃ ስሙን ያገኘው ይህ ተራ ልብሱንና ጫማውን በየደጃፉ ሰቅሎ መንገደኛውን ይጠራል፤ አንድ ወጣትም የመሮጫ ጫማ ገዝቶ፣ እርምጃ የሚቈጥር ሰዓት በእጁ አስሮ ወደ ቤቱ ሲመለስ፣ «ከነገ ጀምሮ ከንጋቱ በ11 ሰዓት ተነሥቼ እሮጣለሁ» ብሎ በልቡ ይቈርጣል። በዚያች ሰዓት ማንንም አያታልልም፤ አሳቡ እውነተኛ ነው። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ግን ጫማው ካልጋ ሥር ይገባል፤ ሰዓቱም ከቤት እስከ ታክሲ፣ ከታክሲ እስከ ሱቅ ያለችውን እርምጃ ብቻ ይቈጥራል። ከ1994 ዓ.ም. ወዲህ አብዛኛውን ጊዜ በኅዳር ወር በአዲስ አበባ በሚደረገው የ10 ኪሎ ሜትር ታላቁ ሩጫ ላይ በአሥር ሺዎች የሚቈጠር ሕዝብ እየዘፈነና እየሳቀ ሲሮጥ እናያለን፤ በማግሥቱ ማለዳ ግን የሚሮጠው ሰው እንደ ወትሮው ጥቂት ነው።

ይህ ወጣት እንግዲህ ምን ጐደለው? ብዙዎች «ፍላጎት ጐደለው» ብለው ይመልሳሉ፤ ስለዚህም ልቡን የሚያነሣሣ ንግግር ያሰሙታል፤ እርሱም ሰምቶ አንድ ሳምንት ይሮጥና እንደ ገና ይተኛል። እኛ ግን ይህን መልስ አንቀበለውም። ፍላጎት ባይኖረው ኖሮ ገንዘቡን ከኪሱ አውጥቶ ጫማውን ባልገዛ ነበር። ፍላጎት ግን በጠባዩ የሚመጣና የሚሄድ ነውና የዘወትር ሥራ በእርሱ ላይ ሊመሠረት አይችልም። የበረሓ አባቶች ይህን አስቀድመው ዐውቀውታል። ጠዋት በደስታ የጀመረው መነኵሴ ፀሓይ በሰማይ መካከል ስትቆም በኣቱ ይጠበዋል፤ ሥራው ይከብደዋል፤ ፀሓይቱም ከቦታዋ የማትንቀሳቀስ ትመስለዋለች። ይህንን ሃኬት የቀትር ጋኔን ብለው ጠሩት። ያዘዙለትም መድኃኒት በበኣቱ መቀመጥና የተወሰነውን ጸሎትና የእጅ ሥራ በሰዓቱ መፈጸም ነበር። መነኵሴ ደስ ባለው ቀን ብቻ የሚጸልይ ቢሆን ኖሮ ገዳም የሚባል ነገር ባልኖረ ነበር። ቅዱስ ጳውሎስም ለቆሮንቶስ ሰዎች ስለ ሩጫ ሲጽፍላቸው ነገሩ እንግዳ አልሆነባቸውም፤ በከተማቸው አጠገብ በየሁለት ዓመቱ ታላቅ ውድድር ይደረግ ነበርና። ሽልማቱ ቶሎ የሚጠወልግ የቅጠል አክሊል ነበር፤ ሐዋርያው ግን ሯጩ ከውድድሩ ቀን በፊት ራሱን እንዴት እንደሚገዛ እንዲያስተውሉ ፈለገ።

ምናልባት ከአንባቢዎቻችን አንዱ፣ «ይህ ሰው ለብቻው ወስኖ ለብቻው ቢተው ማንን በደለ? ሩጫ ሕግ አይደለ፤ መተኛትም ኀጢአት አይደለ» ይል ይሆናል። ተቃውሞው ቀላል አይደለም፤ እኛም ያልሮጠ ሰው ሁሉ በደለኛ ነው አንልም። ነገሩን ግን በነጋዴ ዓይን እንመልከተው። ዱቤ ወስዶ በቀጠሮው ቀን የማይከፍል ነጋዴ ከገንዘቡ አስቀድሞ የሚያጣው መታመንን ነው፤ ሁለተኛ ጊዜ «ለሚመጣው ሰኞ እከፍላለሁ» ሲል የሚሰማው አያገኝም። ለራሱ የሰጠውን ቃል በየማለዳው የሚያፈርስ ሰውም በራሱ ዘንድ እንዲሁ ዱቤ ይከለከላል። ሌላ ቀን መጠጥ ለመተው፣ ዕዳውን ለመክፈል፣ ከወንድሙ ጋር ለመታረቅ ሲወስን፣ በውስጡ ያለው ሰሚ «ይህን ከዚህ በፊትም ሰምቼዋለሁ» ብሎ ይስቅበታል። በደሉ ያለው እዚህ ላይ ይመስለናል፤ የጫማው ነገር ትንሽ ነው፤ የቃሉ ነገር ግን ትንሽ አይደለም።

የሚያስገርመው ደግሞ፣ ያው ሦስት ሳምንት መሮጥ ያልቻለው ወጣት በዚያው በዱባይ ተራ ዕቁብ ገብቶ አንድ ሳምንት ሳያጓድል ዓመት ሙሉ ይጥላል። ገበያ በቀዘቀዘበት ሳምንት ይጥላል፤ በታመመበትም ሳምንት በሰው እጅ ይልካል። በየሳምንቱ ልቡ እየተነሣሣ ነውን? ማንም እንዲህ አይልም። ቀኑ ስለ ታወቀ፣ ልኩ ስለ ተቈረጠ፣ ዳኛውና ጸሓፊው ስለሚጠብቁት፣ ዋስ የሆነለትንም ሰው ማሳፈር ስለማይወድ ነው። አባቶቻችን የሰው ፈቃድ ደካማ መሆንዋን ስላወቁ ብቻዋን አላቆሟትም፤ በቀን፣ በልክና በባልንጀራ ደገፏት። ማለዳ መሮጥ የሚፈልግ ሰውም ከጐረቤቱ ጋር ቀጠሮ ቢይዝ፣ ርቀቱንም በከፋው ቀን እንኳ ሊከፍለው በሚችለው ልክ ቢወስነው፣ ከብዙ ምክር ይልቅ ይጠቅመዋል። ከዐቅሙ በላይ የሆነ ዕቁብ የገባ ሰው መጨረሻው ምን እንደሚሆን መርካቶ ያውቀዋል።

በዕቁብ ውስጥ ከሌሎቹ ይልቅ የሚፈተኑ ሁለት ሰዎች አሉ፤ ዕጣው በመጀመሪያ የወጣለትና እስከ መጨረሻው ያልወጣለት። ፊተኛው ገንዘቡን በእጁ ካስገባ በኋላ መጣሉን ይቀጥላልን? ኋለኛውስ የሌሎችን ደስታ እያየ ሳያጕረመርም ይጥላልን? የአገራችን የሩጫ ታሪክ ለሁለቱም ምስክር አለው።

የክቡር ዘበኛው ወታደር አበበ ቢቂላ ጳጕሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በዘመን መለወጫችን ዋዜማ፣ በሮም ከተማ 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር በባዶ እግሩ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ አሸነፈ። ዕጣው ወጣለት ማለት ነው። ከዚያ ወዲያ ቢያርፍ ማን በወቀሰው? እርሱ ግን ከአሠልጣኙ ከኦኒ ኒስካነን ጋር ልምምዱን ቀጠለ። ወደ ቶኪዮ ሊሄድ ሲዘጋጅ፣ ለውድድሩ ስድስት ሳምንት እንኳ ሳይቀረው ትርፍ አንጀቱ ታሞ በቀዶ ሕክምና ወጣለት፤ ሆኖም ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ገደማ ከሁሉ ቀድሞ ገባ። ከእርሱ በፊት በኦሊምፒክ ማራቶንን ሁለት ጊዜ ያሸነፈ ሰው አልነበረም። ከገባም በኋላ በሜዳው ሣር ላይ ሆኖ ሰውነቱን ሲያፍታታ ሕዝቡ ተደነቀ። ሕዝቡ ያየው የሁለት ሰዓት ሥራ ነው፤ በሮምና በቶኪዮ መካከል የነበሩትን የአራት ዓመት ማለዳዎች ቆሞ ያጨበጨበላቸው የለም።

ለኋለኛው ምስክሩ ምሩፅ ይፍጠር ነው። በ1964 ዓ.ም. በሙኒክ በ10,000 ሜትር ሦስተኛ ወጣ፤ በ5,000 ሜትር ግን በሰዓቱ ከመነሻው ባለመድረሱ ሳይሮጥ ቀረ። አራት ዓመት ጠብቆ የሞንትሪያሉ ውድድር ሲደርስ፣ ኒው ዚላንድ የራግቢ ቡድኗን ዘር ወደሚለየው ወደ ደቡብ አፍሪካ መንግሥት በመላኳ አገራችን ከሌሎች የአፍሪካ አገሮች ጋር ሆና ራሷን ከውድድሩ አወጣች። ምክንያቱ የተቀደሰ ነበር፤ ነገር ግን ለዓመታት የለፋ ሯጭ ያለ ጥፋቱ እንደ ገና ባዶ እጁን ቀረ። ምሩፅ ደግሞ አራት ዓመት ጣለ። በሐምሌ 1972 ዓ.ም. በሞስኮ በ10,000ም በ5,000ም ሜትር አሸነፈ። ከሙኒክ እስከ ሞስኮ ባለው ስምንት ዓመት ውስጥ በማለዳ ሲነሣ ዕጣው እንደሚወጣለት የነገረው ሰው አልነበረም።

ይህን ስንል ጽናትንና ግትርነትን ልናደባልቅ አንፈልግም። በጥቅምት 1961 ዓ.ም. በሜክሲኮ አበበ በታመመ እግሩ መሮጥ ጀምሮ 17 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲደርስ አቋረጠ፤ ማራቶኑንም የአገሩ ልጅ ማሞ ወልዴ አሸነፈ። በዚያ ቀን መቆሙ ቃልን ማፍረስ አልነበረም፤ ዳኛ የታመመውን ዕቁብተኛ እንደሚታገሥ ሰውም የገዛ አጥንቱን መስማት ይገባዋል። የከበደው ጥያቄ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። በዚያው ዓመት በመጋቢት ወር በደረሰበት የመኪና አደጋ ሁለቱ እግሮቹ ሽባ ሆኑ። እግር የሌለው ሯጭ ምን ዕዳ ይቀርበታል? «ተፈጽሞልሃል፤ ዕረፍ» ብንለው ደስ የሚለን ብዙዎች ነን። አበበ ግን በ1962 ዓ.ም. እንግሊዝ አገር በስቶክ ማንደቪል ለአካል ጕዳተኞች በተዘጋጀው ውድድር በተሽከርካሪ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ከቀስተኞች ጋር ተሰለፈ። በሮም በባዶ እግሩ ከሮጠ ዐሥር ዓመት ሆኖት ነበር፤ ቀስቱን ለመሳብም እንደ ማንኛውም ጀማሪ እየተለማመደ መጥቶ ነበር።