ቆጡን ያመለከታት ማን ነው?

«የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» የሚለው ተረት ወቀሳውን ሁሉ የሚያሳርፈው በሴትዮዋ ላይ ነው። ከቆጡ ላይ አንዳች ነገር እንዳለ የነገራት ሰው ይኖር እንደሆነ አይጠይቅም። ስለ ሕዝብ ማመላለሻ በሚደረግ ክርክር ግን ይህን ሰው ሳያነሡ ማለፍ አስቸጋሪ እየሆነ መጥቷል።

የካሊፎርኒያ መራጮች በ2008 (ዘመናቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሎስ አንጀለስንና ሳን ፍራንሲስኮን በ2 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ለሚያገናኝ ፈጣን ባቡር 10 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ ብድር አጸደቁ። በ2013 ባለጸጋው ኢሎን መስክ «ሃይፐርሉፕ» የተባለ ሐሳብ በጽሑፍ አወጣ፤ አየሩ በሳሳ ቱቦ ውስጥ ተምዘግዝጎ ያንኑ መንገድ በ35 ደቂቃ የሚጨርስ፣ ወጪውም 6 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ብቻ የሆነ። ባቡሩን ቀርፋፋና ውድ ሲል ነቀፈው፤ ቱቦውን ራሱ ለመሥራት ግን ጊዜ እንደሌለው ገለጸ። የሕይወት ታሪኩን በ2015 ያሳተመው አሽሊ ቫንስ እንደጻፈው፣ ሐሳቡ የመነጨው መስክ ለባቡሩ ከነበረው ጥላቻ ነው፤ ዕቅዱ ቢሰረዝ እንደሚወድም አልሸሸገም።

ባቡሩ የተጓተተው በዚያ ጽሑፍ ሳቢያ ነው ማለት ሐሰት ይሆናል። የመሬት ይዞታ ክርክር፣ የፍርድ ቤት ሙግትና የአስተዳደር ድክመት በ2008 ወደ 33 ቢሊዮን ዶላር የተገመተውን ወጪ ከ100 ቢሊዮን በላይ አድርሰውታል። ነገር ግን ይህን ሁሉ ጉድ ማንም ሊያውቅ የቻለው ዕቅዱ የሕዝብ በመሆኑ፣ ሒሳቡም በአደባባይ ስለሚመረመር ነው። ያልተሠራ ነገር ሒሳብ የለውም፤ ነውርም አይገኝበትም። ቁስሉ የሚታይ ሥራ ከሥዕል ጋር ለውድድር ሲቀርብ ውጤቱ አስቀድሞ የታወቀ ነው። ሌሎች ባለሀብቶች ሐሳቡን ይዘው ካቋቋሟቸው ኩባንያዎች ስመ ጥሩ በ2020 ሁለት ሰዎችን በ500 ሜትር የሙከራ መስመር አጓጉዞ፣ በ2023 ማብቂያ ተዘጋ።

ታዲያ ማለም ወንጀል ነውን? አይደለም። ወንዝ ዳር ድልድይ የሚሠሩ ሰዎች አሉ እንበል። አንድ መንገደኛ መጥቶ «ወደፊት የሚበር ጀልባ ይኖራል» ቢል ምኞቱን ተናገረ እንጂ ማንንም አልበደለም። «ድልድዩን ተዉት፣ ጀልባው ይመጣል» ያለ ዕለት ግን ነገሩ ይለወጣል። ውል አልፈረመም፤ ጀልባውን አመጣለሁም አላለም። ይሁንና መዶሻቸውን ያስቀመጡት በእርሱ ቃል ከሆነ፣ ክረምት ገብቶ ወንዙ ሲሞላ «እኔ ምን አገባኝ» ለማለት የሚያበቃው ምን መብት አለው? ሰዎቹም አዋቂዎች ናቸውና ከጥፋቱ ድርሻ አላቸው። ልዩነቱ እነርሱ ዕዳቸውን በየዕለቱ መክፈላቸው ነው፤ እርሱ ግን ቀድሞውንም የሚሻገርበት ፈረስ ነበረው።

የቴኔሲ ግዛት ከተማ ናሽቪል የዚህን ዕዳ መልክ ታሳያለች። በ2018 ከተማዋ 5.4 ቢሊዮን ዶላር የሚፈጅ፣ አዲስ አበባ ከ2015 ጀምሮ የምታውቀውን ዓይነት ቀላል ባቡር ያካተተ ዕቅድ ለሕዝበ ውሳኔ አቀረበች። ተቃዋሚዎች ግብሩ ከበደ ከማለታቸውም ሌላ፣ ያለ ሾፌር የሚሄዱ መኪኖች በቅርቡ ስለሚመጡ ሐዲድ ማንጠፍ ያለፈበት ነገር ነው ሲሉ ተከራከሩ። ከመቶ 64 ያህሉ መራጭ ዕቅዱን ጣለው። ሾፌር የሌለው መኪና መጥቶ ከአውቶቡስ ፌርማታ ያነሣው ሠራተኛ ግን አልነበረም። ከስድስት ዓመት በኋላ፣ በ2024፣ ከተማዋ ሌላ ዕቅድ አቅርባ አጸደቀች፤ ተጨማሪ አውቶቡሶች፣ የእግረኛ መንገዶችና የተሻሻሉ የትራፊክ መብራቶች አሉበት። ቀላል ባቡሩ ግን በዝርዝሩ ውስጥ የለም።