ጸጥ ያለ ቤት

«ምን ዓይነት ቤት ነው የምትፈልገው?» አለኝ ደላላው።

ለአዲስ አበባ ሰው ይህ ጥያቄ እንግዳ አይደለም። ሁላችንም የየራሳችን መልስ አለን። አንዱ «ውኃ የማይጠፋበት» ይላል፤ ሌላው «ታክሲ የሚቀርበው»፤ ከአከራዩ ጋር ተጣልቶ የወጣ ሰው ደግሞ «አከራይ ግቢው ውስጥ የማይኖርበት» ብሎ ይጀምራል። እኔ ሳላመነታ፣ «ጸጥ ያለ ይሁን እንጂ ሌላው ግድ የለኝም» አልኩ። ደላላው ከእግር እስከ ራሴ አየኝና፣ «ወንድሜ፣ እዚህ ከተማ ጸጥታ ውድ ነው» አለኝ። ዋጋውን ሲነግረኝ እንዳልዋሸ ገባኝ።

ቤቱ የተፈለገው ለእኔ ብቻ አልነበረም። ታናሽ ወንድሜ ኦቲዝም አለው። ዕድሜው ሠላሳ አራት ነው። በቀን ከአሥራ አምስት ቃል በላይ አይናገርም፤ ከእነዚያም ሁለቱ እኔን የሚጠራባቸው ናቸው፦ «ወንድም ጋሼ»። «ኦቲዝም ያለበት» የምትሉ ብዙ ናችሁ፤ እኔም እንደዚያ እል ነበር። አማርኛችን ግን ዕዳና በሽታ ሲሆን «አለበት» ይላል፤ ጠባይና ዘመድ ሲሆን «አለው»። «አለው» ማለትን የመረጥኩት ዘግይቼ ነው፤ ያዘገየኝም አሁን የማጫውታችሁ ነገር ነው።

ወንድሜ የኖረው ከእናታችን ጋር ሽሮ ሜዳ ነው። እናታችን ስታርፍ የተከራየችውን ቤት ባለቤቶቹ ፈለጉት። ሽሮ ሜዳን የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ጸጥታ እዚያ አይገኝም። ወደ እንጦጦ የሚወጣው መኪና ዳገቱ ላይ ያቃስታል፣ ረዳቱ ይጣራል፣ የባህል ልብስ ሻጩ ዘፈኑን ይለቀዋል። ወንድሜ ደግሞ ድንገተኛ ድምፅ ሲሰማ ጆሮውን በሁለት እጁ ይዞ ቁጭ ይላል፤ ሲብስበት ግንባሩን ከግድግዳ ያጋጫል። ስለዚህ ለእኔ ሒሳቡ ቀላል ነበር፦ ጩኸት ይጎዳዋል፤ እንግዲያው ጩኸት ወደሌለበት ይሂድ።

ከአያት ማዶ አንድ ቤት አገኘን። ሰፊ ግቢ ነው፤ ጎረቤቱ ሩቅ ነው፤ ሌሊት የራስን ትንፋሽ ያሰማል። በመጀመሪያው ሳምንት ወንድሜ ምግብ ቀነሰ። በሁለተኛው እንቅልፍ አጣ። በየጠዋቱ ጫማውን አጥልቆ የግቢው በር ሥር ይቆማል፤ እስከ ምሳ ሰዓት እዚያው ነው። እኔም «ይለምደዋል» እያልኩ ወደ ሥራዬ እሄድ ነበር።

አንድ ቀን ማታ ስመለስ የለም። ሠራተኛዋ ዓይኗ እስኪያብጥ አልቅሳለች። በመንደሩ ዞርን፣ ፖሊስ ጋ ሄድን። ከምሽቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ስልኬ ጮኸ። የእናቴ ጎረቤት የነበረው ሸማኔ ነው። «ወንድምህ እኔ ዘንድ ነው፤ ራት በልቷል፤ ቀስ ብለህ ና» አለኝ።

ከኪሴ መቶ ብር ወስዶ፣ ከአያት መገናኛ፣ ከመገናኛ አራት ኪሎ፣ ከአራት ኪሎ ሽሮ ሜዳ፣ ሦስት ታክሲ ቀያይሮ ሄዷል። አብረን ስንመላለስ ያየውን መንገድ በቃሉ ይዞት ኖሯል። ይህን ይችላል ብሎ የጠረጠረ አልነበረም፤ እኔ ታላቅ ወንድሙ እንኳ። ስደርስ ከሸማኔው አጠገብ ዱካ ላይ ተቀምጦ፣ መወርወሪያው ግራና ቀኝ ሲመላለስ በዓይኑ ይከተላል። ውጪ የሽሮ ሜዳ ሁካታ እንደ ወትሮው ነው። የወንድሜ እጆች ግን ጉልበቱ ላይ ነበሩ፤ ጆሮው ላይ አልነበሩም።

ሊዮ ካነር የተባለ በአሜሪካ ይሠራ የነበረ ሐኪም፣ እ.ኤ.አ. በ1943 ስለ 11 ልጆች የጻፈው ጽሑፍ የኦቲዝም ጥናት መነሻ ከሚባሉት አንዱ ነው። ስለ ልጆቹ ከታዘባቸው ነገሮች ሁለቱ ለእኔ ነገር ይበቃሉ። አንደኛው፣ ኃይለኛ ድምፅ ያስፈራቸዋል። ሁለተኛው፣ የለመዱት ነገር ባለበት እንዲቀጥል አጥብቀው ይሻሉ። እኔ የመጀመሪያውን ይዤ ሁለተኛውን ጣልኩት። ወንድሜን ከጩኸት ላድነው ብዬ ከሚያውቀው ዓለም ሁሉ ነቀልኩት።

ደግሞስ ጩኸት ሁሉ አንድ ነው እንዴ? የሽሮ ሜዳ ድምፅ ለወንድሜ ስም አለው፣ ሰዓት አለው። ረዳቱ ምን ብሎ እንደሚጣራ ያውቃል፤ መወርወሪያው ከግራ በኋላ ወደ ቀኝ እንደሚመለስ ያውቃል። በዚያ ጸጥ ባለ ግቢ ግን ከሁለት ሰዓት ዝምታ በኋላ የብረት በር ጓ! ሲል ማን፣ ለምን፣ እንደገናስ መቼ እንደሆነ አያውቅም። ሰው የሚያውቀውን ድምፅ ይችለዋል፤ የሚያስጨንቀው ሳይታሰብ የሚመጣው ነው። ይህ እኮ ለእኛም ይሠራል፤ ለእርሱ ግን እጥፍ ድርብ ነው።

ሰዎቹም አሉ። ባለሱቁ ሳይጠየቅ ሁለት ዳቦ ይሰጠዋል። ሊስትሮው ልጅ አስፋልት ሲያሻግረው ክንዱን አይዘውም፤ መነካት እንደማይወድ ስለሚያውቅ ከጎኑ ብቻ ይሄዳል።

አደራ፣ «የድሮ ሰፈር ፍቅር» ብዬ ልሸነግላችሁ እንዳይመስላችሁ። ያው ሰፈር ነው ወንድሜ ልጅ ሳለ ድንጋይ የወረወረበት። «የእናቱ ኃጢአት ነው» ያለችም፣ «በሰንሰለት አስራችሁ ጠበል አቆዩት» ያለም እዚያው ነበረ። እናታችን መልስ አልሰጠችም። ቡና ስታፈላ ልጇን ጓዳ አልደበቀችውም፤ ረከቦቱ አጠገብ አስቀመጠችው። ይህን ሃያ ዓመት አደረገችው። ሽሮ ሜዳ ለወንድሜ ጥሩ ቦታ ሆኖ አልተገኘም፤ አንዲት ሴት በስኒ በስኒ ሠራችው። በአገራችን ይህንኑ ትግል ወደ አደባባይ ካወጡት ቀዳሚዋ ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ናቸው። የኦቲዝም ያለው ልጅ እናት ነበሩ፤ እ.ኤ.አ. በ2002 የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን አዲስ አበባ ላይ ከፈቱ፤ በ2021 እስኪያርፉም ድረስ ቤት ውስጥ የተደበቁት ልጆች እንዲወጡ ሲወተውቱ ኖሩ።

ወደ ራሴ ልመለስ፤ ኑዛዜ አለብኝ። ጸጥ ያለ ቤት ስፈልግ ጸጥታው ለማን ነበር? ወንድሜ መንገድ ላይ ጆሮውን ይዞ ሲቀመጥ ሰው ዞሮ ያያል። የሥራ ባልደረቦቼ ሲመጡ «ማነው?» ይላሉ። ጎረቤት የሌለው ግቢ ከዚህ ሁሉ ገላገለኝ። እናቴ ረከቦት አጠገብ ያስቀመጠችውን ሰው እኔ ሰፊ ጓዳ ተከራይቼ ደበቅሁት፤ ስሙንም «ለእርሱ ብዬ» አልኩት። ሰውን በክፋት ከምንበድለው ይልቅ «ላንተው ብዬ ነው» እያልን የምንበድለው ሳይበልጥ አይቀርም። ክፋትን ይቅርታ ይጠየቁበታል፤ ለዚህኛው ግን ምስጋና እንጠብቃለን።

የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት እ.ኤ.አ. በ2006 ጸደቀ፤ ኢትዮጵያም በ2010 ተቀበለችው። አንቀጽ 19 የሚለው ባጭሩ፣ እነዚህ ሰዎች የትና ከማን ጋር እንደሚኖሩ እንደማንኛውም ሰው የመምረጥ ዕድል ይኑራቸው ነው። መጀመሪያ ሳነበው ፈገግ አልኩ። በቀን አሥራ አምስት ቃል የሚናገር ሰው እንዴት አድርጎ ነው ቤት የሚመርጠው? ኋላ ግን ፈገግታዬ አሳፈረኝ። ወንድሜ ሁለት ሳምንት ሙሉ ነግሮኛል። በሳህኑ ነግሮኛል፣ በእንቅልፉ ነግሮኛል፣ ጫማውን አጥልቆ በሩ ሥር በመቆም ነግሮኛል። የጎደለው የእርሱ ንግግር ሳይሆን የእኔ መስማት ነበር።

ግን ደግሞ ነገሩ «እንደፈለገ ይሁን» ብሎ የሚዘጋ አይደለም። ያን ቀን መገናኛ ላይ መኪና ቢገጨውስ? መምረጥን ማክበርና ሰውን ለብቻው መጣል አንድ አይደሉም። እኔ የደረስኩበት ይኸው ነው፦ አደጋውን መጠበቅ የእኔ ፈንታ ነው፤ ኑሮው የት ይጥማል የሚለውን የሚያውቀው ግን እርሱ ነው።

ሁለተኛውን ቤት የፈለግነው አብረን ነው። አራት ቤት አየን፤ እያንዳንዱንም ጠዋትና ማታ። በአንደኛው ብረታ ብረት ቤት ጎን ነበርና ከበሩ አላለፈም። በሁለተኛው ዞር ዞር ብሎ ወጣ። ሦስተኛውን እኔ ወደድኩት፤ እርሱ ግን ጫማውን አላወለቀም። አራተኛው ከሸማኔው ቤት አምስት ደቂቃ የሚያስኬድ፣ ሁለት ክፍል፣ ቆርቆሮ ክዳን ነው። ጫማውን አወለቀና ጥግ ይዞ ተቀመጠ። ደላላው «ይሄ ጸጥ ያለ አይደለም እኮ!» አለ። «አውቃለሁ» አልኩት።

ክረምት ሲገባ ቆርቆሮው አሠቃየው። ኮርኒስ አስመታን፤ የግንባታ ሠራተኞች የሚያደርጉትን የጆሮ መከለያም ከመርካቶ ገዛሁለት። ዝናቡ ሲጀምር ራሱ አንሥቶ ያደርገዋል። እኔ ከሥራዬ ራቅሁ፤ በየጠዋቱ ሰልፍ ላይ እማረራለሁ። ቤቱ ኪራይ ነው፤ ነገ የሚሆነውን አናውቅም። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ከፒያሳና ከካዛንቺስ ብዙ ሰው ተነሥቶ ወደ ከተማዋ ዳር ሄዷል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 በዓለም ከ127 ሰዎች አንዱ ኦቲዝም እንደነበረው ይገምታል፤ ከተነሡት መካከልም እነዚህ አይጠፉም። ቤት በቤት ሲተካ ካሬ ሜትር ይለካል። ሳይጠየቅ ሁለት ዳቦ የሚሰጠውን ባለሱቅ ግን በምን ሜትር ይለኩታል?

አንባቢዬ፣ አንድ ቀን እናንተ ሰፈር አዲስ ጎረቤት ይገባ ይሆናል፤ ሰላምታ የማይመልስ፣ ጆሮውን ይዞ መንገድ ዳር ቁጭ የሚል። ያ ሰው ጥሩ ቦታ መርጦ እንደሆነና እንዳልሆነ የሚታወቀው ቤቱን በማየት አይደለም። እናንተን በማየት ነው።