የሰውን መከራ ስለ መመዘን

ኅብለ ሰረሰር በተጎዳ ጊዜ ከአንጎል ወደ እግር የሚወርደው ትእዛዝ ይቋረጣል። እግሩ ግን በብዙዎች ዘንድ ዝም ብሎ አይተኛም፤ ከላይ የሚገታው ልጓም ስለ ላላ፣ ባለቤቱ ሳይፈቅድ ይኮማተራል፣ ይገተራል፣ ይንቀጠቀጣል።

«እንዲህ ያለው ክፉ ነገር ፈጽሞ ይጥፋ» የሚል ሰው አይፈረድበትም፤ እኔም እንዲሁ አስብ ነበር። ነገር ግን ሥራ የፈታ ጡንቻ ይከሳል፤ በውስጡም ስብ ይገባል። ከምግብ በኋላ የደምን ስኳር ከሁሉ ይልቅ የሚወስደው ጡንቻ ስለ ሆነ፣ የእርሱ መክሳት ለስኳር በሽታ በር ይከፍታል። ያ አስቸጋሪ መኮማተር ግን ጡንቻውን በመጠኑ ከመክሳት እንደሚጠብቀው በአንዳንድ ጥናት ታይቷል።

ታዲያ በሽተኛውን «መከራህ ይጠቅምሃልና ቻለው» ልንለው ይገባናልን? እኔ እንደሚመስለኝ አይገባም። ጥቅሙን የምንቆጥር እኛ ነን፤ እግሩ እየተገተረ እንቅልፍ አጥቶ የሚያድረው ግን እርሱ ነው። በሌላ ሰው ትከሻ ላይ ያለ ሸክም ለተመልካች ዘወትር ቀላል ነው።

ደግሞም ጥቅሙን ሸሽጎ፣ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1962 የተሠራውን ባክሎፌን የመሰለ ማስታገሻ ዝም ብሎ ማብዛት ሌላ በደል ነው። ሐኪሙ ሁለቱንም ወገን ገልጦ ይንገረው፤ የመድኃኒቱንም መጠን ከእርሱ ጋር ይምከር።

እውነቱን መንገር የዐዋቂ ዕዳ ነው፤ ሚዛኑን መያዝ ግን የባለ ሕመሙ መብት ነው።