ዝንቧን ማን አታለላት?

ሰሞኑን በመኝታ ክፍላችን የተነሳው ክርክር እስካሁን አልበረደም። የባዮሎጂ ተማሪው ጓደኛችን እራት ላይ «ዝንብን በመርዝ ከመግደል በፍቅር መግደል ይሻላል» አለ። ሳቅን። ቆይቼ ሳስበው ግን የሚያስቅ አልሆነልኝም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሜዲትራኒያን የፍራፍሬ ዝንብ የምትባል ተባይ አለች። ብርቱካኑን፣ ኮኩን፣ ቡናውን ወግታ እንቁላሏን ትጥልበታለች፤ ትሉ ፍሬውን ከውስጥ ይበላዋል። እርሷን ለማጥፋት ወንድ ዝንቦችን በፋብሪካ በሚሊዮን እያራቡ፣ ገና በቅርፊታቸው ውስጥ ሳሉ በጨረር ያመክኗቸውና ይለቋቸዋል። የዱሯ ሴት ከመካኑ ጋር ትገናኛለች፤ እንቁላሏ አይፈለፈልም። ይኸው ስልት በ1954 (እ.ኤ.አ.) በኩራሳው ደሴት የከብት ቁስል የሚበላውን የዝንብ ትል አጥፍቷል። ሜክሲኮም በ1979 ሜታፓ ላይ ማራቢያ ከፍታ በ1982 ከፍራፍሬዋ ዝንብ ነፃ ወጣች። እኛም ዘንድ ገንዲን የምታስተላልፈውን የቆላ ዝንብ ለመዋጋት ቃሊቲ ላይ ማራቢያ ተሠርቷል።

እኔን የገረመኝ የሴቷ ድርሻ ነው። ወንዶቹ ዛፍ ላይ ተሰባስበው፣ እያንዳንዱ የየራሱን ቅጠል ይዞ ሽታ ይረጫል፣ ክንፉን ያርገበግባል። ሴቷ መጥታ ትመረምራለች፤ ብዙውን ጊዜ ጥላው ትሄዳለች። የፋብሪካው ልጅ ደግሞ በተጨናነቀ ሣጥን ውስጥ ለትውልዶች ስለተራባ ማባበሉን ያሳጥራል፤ ይቸኩላል። ስለዚህ የዝንጅብል ዘይት ያሸቱታል፤ ያኔ ተቀባይነቱ ይጨምራል። በሃዋይ እንዲያውም የዱር ሴቶች የፋብሪካውን ወንድ እየለዩ መግፋት መጀመራቸው ተመዝግቧል። እንግዲህ መርዝ ፈቃድ አይጠይቅም፤ ይህኛው ስልት ግን ያለ እርሷ «እሺታ» ከንቱ ነው።

«ታዲያ ምን ክፋት አለው?» አለ ጓደኛችን። «መርዙ ንቡንም ረጪውንም ይጎዳል። ይኼ ግን አንዷን ተባይ ብቻ። ደግሞም ፈቅዳ ነው!»

ስለ ዝንቧ ከሆነ ተረትቻለሁ። ማታለል የሚባለው እውነቱ ሊነገረው የሚችለውን ፍጡር ሳይነግሩ ማስቀረት ነው። ለዝንብ ምን ይነገራታል? ገበሬው ፍሬውን ያድን፤ እኔም ከመርዙ ይህንን እመርጣለሁ። የሚያስፈራኝ «ፈቅዳ ነው» የምትለዋ ቃል ናት። ምክንያቱም እኔም ብያታለሁ።

አምና አንድ ፈተና ወድቄ ለእናቴ «አልፌያለሁ» አልኳት። ለምን ትጨነቅ ብዬ ነው። እርሷም በደስታዋ ጊደሯን ሸጣ የልብስ መግዣ ላከችልኝ። ያስገደዳት የለም። ወዳ፣ ፈቅዳ፣ እየመረቀችኝ ነው የሸጠችው። ይሁን እንጂ ፈቃዷ የቆመው እኔ ባመከንኩት ቃል ላይ ነበር። ልነግራት እችል ነበር፤ ሰምታም ታዝን፣ ትቆጣ፣ ወይም ያንኑ ጊደር አውቃ ትሸጥ ነበር። ያን ሁሉ ነጠቅኳት።

እንግዲህ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ የእኔ መለኪያ ይህች ናት፤ ሊሰማን የሚችለውን ሰው ደብቀን በገዛ ምኞቱ ስንነዳው፣ ደም ባይፈስም፣ ዝንብ አድርገነዋል። ድሃን በተስፋው፣ ወጣትን በፍቅሩ፣ እናትን በልጇ መያዝ ከዱላ ይልቅ የለዘበ ይመስላል። ልዝብነቱ ግን ለያዡ ነው።

ክርክሩ ዛሬ ማታም ይቀጥላል። እኔ ግን ከእራት በፊት እናቴ ዘንድ እደውላለሁ።